ድምፁ ካነሰ ፎርማት ይደረግ

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ድምፅ ሲያንስ ማድረግ የሌለብዎ ነገር ቢኖር ምክንያቱን መፈለግ ነው። ምክንያቱ ከተገኘ ችግሩ ያልቃል። ችግሩ ካለቀ ደግሞ ሲፒዩ ታቅፎ በባጃጅ ጥገና ቤት መሄዱ፣ እዚያ ተቀምጦ ሻይ መጠጣቱ፣ «ይሄማ ቫይረስ ነው» መባሉ ሁሉ ይቀራል። ለእንጅባራና ለዳንግላ ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። እንግዲህ ድምፁን ዝቅ እንዳለ ማቆየት ለሚሹ ሁሉ የሚከተለውን እንመክራለን።

መጀመሪያ ጊዜ ይምረጡ። ከክረምት የተሻለ የለም። የእንጅባራ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እርስዎም የስፒከርዎን ጉልበት መለካት ይጀምሩ። በዚያ ሰዓት እንኳን ጠረጴዛ ላይ ያለ ስፒከር፣ አጠገብዎ ሆና ቡና የምትቀዳው እህትዎም አትሰማም። «ደክሟል» ብለው ይፍረዱበት። ዝናቡ ሲያባራ ድምፁ ከተመለሰ ደግሞ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» ይበሉ። ጠጋኝ ከዚህ የበለጠ የሚፈራው ቃል የለም።

ቀጥሎ ወደ ሲፒዩው ጀርባ ይዙሩ። በአብዛኛው ሦስት ባለቀለም ቀዳዳዎች ያገኛሉ። አረንጓዴው የስፒከር፣ ሮዙ የማይክ፣ ሰማያዊው ደግሞ ከሌላ መሣሪያ ድምፅ የሚገባበት ነው። ቀለሙን ለጌጥ የተቀባ አድርገው ይቁጠሩት። ጎንበስ ብሎ ማየት ወገብ ስለሚያሳምም በዳበሳ ይሰኩ። ጃኩንም እስከ መጨረሻው አይግፉት፤ ትንሽ ወጣ ብሎ ይቅር። ይህ ዘዴ የተለየ ውጤት አለው። የጃኩ የግራውንድ መስመር ሳይነካ ሲቀር የሚሰማው በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። በሁለቱም በኩል እኩል የተቀዳው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እኩል የሚቀዳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዘፋኙ ድምፅ ነው! ክራሩ አለ፣ ከበሮው አለ፣ ዘፋኙ የለም። ያን ጊዜ ፍላሽ ላይ ዘፈን የጫነልዎትን ልጅ ሄደው ይጣሉት፤ ጎዶሎ ዘፈን ሸጦልዎታልና።

ስፒከር አልገዛም የሚሉ ከሆነ ቤት ውስጥ ከሞተ ቴፕ የተፈታ አይጠፋም። ሽቦውን ልጠው ጃክ ቀጥለው በቀጥታ አረንጓዴው ላይ ይሰኩት። አምፕሊፋየር አያስፈልግም፤ ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ሞገድ እንዲህ ያለውን ስፒከር የመግፋት አቅም ስለሌለው ሹክሹክታ ይሰማሉ፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። እገዛለሁ ካሉ ግን በዩኤስቢ የሚሠራውን፣ ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት ፒኤምፒኦ» የተጻፈበትን ይምረጡ። ተራ የዩኤስቢ 2 ወደብ የሚሰጠው 5 ቮልት በ500 ሚሊአምፒር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። ቀሪው 997.5 ዋት ከየት እንደሚመጣ ሻጩን ጠይቀው አያሳፍሩት። ድምፁ አሁንም ካነሰዎ ተመሳሳዩን ሁለተኛ ይግዙና ይቀጥሉበት። የሰው ጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲል ኃይሉ በግምት አሥር እጥፍ ማደግ አለበት፤ ስለዚህ ከወጪው በቀር የሚሰማዎት ለውጥ ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ድምፅ ከዘፈኑ ፋይል ተነሥቶ በማጫወቻው፣ በዊንዶውስ ሚክሰር፣ በዋናው ድምፅ፣ በድራይቨሩና በሽቦው አልፎ ነው ስፒከር የሚደርሰው። በየመንገዱ ሊቀንስ ይችላል፤ ማጫወቻውም ሚክሰሩም በየፊናቸው ዝቅ ካሉ ዋናው 100 ላይ ቢሆንም ፋይዳ የለውም። በፈረንጆች ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ሜጀር ቺዝማን የዓባይን ሸለቆ እየተከተለ ካርታ አንሥቷል። እርስዎ እንደሱ ከምንጩ ጀምረው መንገዱን ልከተል ካሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የጎደለበትን ቦታ ያገኙታል። ስለዚህ አይከተሉ። ዋናውን ብቻ 100 አድርሰው እጅዎን ያጣጥፉ።

ሚክሰሩን እንዳይከፍቱ ደግመን እናሳስባለን። ድምፁ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሞኒተሩ እየሄደ እንደሆነም አያጣሩ። በተለይ «ኮሙኒኬሽንስ» ከሚለው ገጽ ይራቁ። ዊንዶውስ ጥሪ የገባ ሲመስለው ሌላውን ድምፅ በ80 በመቶ ዝቅ ያደርጋል፤ ሲሠራ ጀምሮ እንዲህ ነው የተዘጋጀው። እዚያ ገጽ ላይ «ምንም አታድርግ» የሚለውን መምረጥ ይቻላል፤ ግን ምን በወጣዎ! ወንድምዎ ከውጭ አገር ሲደውል ዘፈኑ ድንገት ቢሰልል፣ ስፒከሩን ዓይን በላው ይበሉ።

ፊልም ላይ ንግግሩ አልሰማ፣ ተኩሱ ግን ጆሮ የሚበጥስ ከሆነ «ላውድነስ ኢኳላይዜሽን» የሚባል ምልክት ማድረጊያ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ አለ፤ ዝቅተኛውን ከፍ፣ ከፍተኛውን ዝቅ ያደርጋል። እሱንም ይተዉት። በምትኩ ቪኤልሲን ከፍተው 125 በመቶ ላይ ይስቀሉት። ከ100 በላይ ሲያልፍ የድምፁ ጫፍ መቆረጥ ይጀምራል፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በስልክዎ የቀረጹት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ትርኢት ኮቴው ከእልልታው የማይለይ አንድ ጩኸት ይሆንልዎታል። «ካሜራው ነው» ብለው ስልኩን ይሽጡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልረኩ የመጨረሻው መድኃኒት ቀርቷል፤ ፎርማት። በአገራችን ኮምፒውተር ቢዘገይ ፎርማት፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ቢነክስ ፎርማት፣ ድምፁ ቢያንስም ፎርማት ነው። ጠጋኙ «ዴስክቶፕ ላይ የሚፈለግ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅዎ ሳያስቡ «የለም፣ አጥፋው» ይበሉ። የሰርጉ ፎቶ፣ የፈረሱ ቪዲዮ፣ የልጅዎ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያው እንደነበር የሚያስታውሱት ማታ ነው። ዊንዶውስ 7 ተጭኖ የድምፅ ድራይቨሩ ከተረሳ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተሳክቶልዎታል። ከዚያ በኋላ ድምፁ አነሰ የሚል ሰው አይኖርም፤ ጨርሶ የለምና።

ድራይቨሩ ተጭኖም ድምፁ እንደ ቀድሞው ካነሰ «የቻይና ዕቃ» ብለው ይራገሙና አዲስ ስፒከር ይግዙ። አሮጌውን ግን አደራ ለጎረቤት እንዳይሰጡ። ፊቱ ላይ ያለችውን ክብ መጠምዘዣ ወደ ቀኝ አዙሮ ሰፈሩን ሁሉ ያሰማበታል።