ጀፎረ፦ ለመፍረስ የዘገየ አደባባይ

አንድ አደባባይ የምሁራንን ክብር የሚያገኘው ከፈረሰ በኋላ ነው። የአቴናው አጎራ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ሰው ሲገበያይበት፣ ሲካሰስበትና ሲሰዳደብበት በኖረበት ዘመን ለመግቢያ የሚከፍል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ267 ሄሩሊ የተባሉ ወራሪዎች አቃጥለውት፣ ኋላም አፈርና ሰፈር ሲጫነው ግን ዋጋው ወጣ። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1931 ቁፋሮ የጀመሩት ከላዩ የነበሩትን በመቶዎች የሚቆጠሩ መኖሪያ ቤቶች እያስፈረሱ ነው። ሰው የሚኖርበትን አፍርሶ ሰው የማይኖርበትን ማውጣት በሙያው ቋንቋ ቅርስ ጥበቃ ይባላል።

የዚህ ጥናት ርእሰ ጉዳይ በጉራጌ ምድር የሚገኘው የቸሃው ጀፎረ ነው። ከወልቂጤ አልፎ ወደ እምድብር የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጎጆዎች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ መንገድ ሆኖ ይዘልቃል። አቴናውያን ለአምላካቸው በዓል የሚሰለፉበትና አጎራውን አቋርጦ የሚያልፈው ዋና መንገድ ስፋቱ ከ10 እስከ 20 ሜትር ያህል ነበር። የቸሃ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ «የኋላ በር መንገዳቸው መሆን አለበት» ብሎ በትሕትና ያልፈዋል።

ጀፎረ እንደ ቅርስ ሲመዘን ከባድ ጉድለት አለበት፤ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ጠዋት ጥጃ ይለቀቅበታል። ከሰዓት ልጆች በጨርቅ ኳስ ይራገጡበታል። ሰርግ ይደገስበታል፣ ለቅሶ ይቆምበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። በመስቀል ደግሞ ከመርካቶ የተመለሰው ሁሉ እየተሳሳመ ይሞላዋል። እንዲህ ባለ ቦታ መቆፈር አይቻልም፤ አካፋ ያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። በዚህ ረገድ በሶዶ ወረዳ፣ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት 36ቱ የጢያ ትክል ድንጋዮች እጅግ የተሻሉ ናቸው። የተተከሉላቸው ሰዎች ሰላምታ ስለማይጠብቁ ለጥናት ይመቻሉ። ዩኔስኮም ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1980 መዝግቧቸዋል።

የጥናቱ ዘዴ ጀፎረውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር መለካት ነበር። ዘዴው በሦስተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ተቋርጧል።

«የኔ ልጅ፣ ከየት መጣህ?»
«ከአዲስ አበባ፣ አባቴ።»
«ከአዲስ አበባስ ከየት?»
«ከመርካቶ።»
«መርካቶስ ከየት በኩል?»
«ምን አለሽ ተራ።»
«እንግዲያማ የኛን ልጅ ታውቀዋለህ። ግባ፣ ቡና ደርሷል።»

ከቡናው በፊት ቆጮ በአይብ ቀረበ፤ መለኪያው ሜትርም ደጅ አደረ። ከዚህ የተገኘውን ውጤት ግን አቅልሎ ማየት አይገባም። አቴናውያን በአደባባያቸው እየዞረ ሰውን በጥያቄ የሚያስጨንቀውን ሶቅራጥስን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ከሰው ሞት ፈረዱበት። በቸሃ የሚከሰሰው ሳይጠይቅ ያለፈው ነው።

የሥነ ሕንፃ ሊቃውንት በጀፎረ ዳር አምድ አለመኖሩን እንደ ኋላቀርነት ሊቆጥሩት ይችላሉ። የአጎራው ዝነኛ ባለ አምድ አዳራሽ፣ የአታሎስ ስቶዋ፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1956 እንደ አዲስ ተሠርቶ ሙዚየም ሆኗል። የጉራጌ ቤትም አምድ አለው፤ ግን አንድ ነው፣ ያለውም መሐል ቤት ነው፣ ጣሪያውንም ይሸከማል። ግሪኮች ያን ሁሉ አምድ ደጅ ደርድረው ማን እንዲያይላቸው እንደፈለጉ ጥናቱ አልደረሰበትም።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ድንበር እንምጣ። አቴናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ በአጎራው ዙሪያ ድንበሩን የሚያውጁ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ተክለዋል። ድንጋዩ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ድንበሩን የሚያከብር አቴናዊ ግን ከሄደ ቆየ። በቸሃ የጀፎረን ወሰን የሚጠብቀው ቂጫ ነው፤ የሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ የሆነው የጆካ የሚዳኝበት ባህላዊ ሕግ ማለት ነው። ምስክሩም ዛፍ ነው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ አንዱ በበትሩ እያመለከተ «ይቺ ዝግባ በአባትህ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ አልነበረችም?» ይላል። የተጠየቀው ሰው ዝግባዋን ያያል፤ አሁን ከአጥሩ ውስጥ ናት። ዛፍ እንደማይራመድ ሁሉም ይስማማል። ስለዚህ የተራመደው አጥሩ ነው።

የአጥር መራመድ ሳይንሳዊ ማብራሪያ ይፈልጋል። ዊሊያም ሻክ ቸሃን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎታል፤ መልሱም ከእንሰቱ ዘንድ ሳይሆን አይቀርም። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ድረስ በየጊዜው እየተነቀለ ከቦታ ቦታ ይተከላል። አጠገቡ የቆመ አጥር ይህን ዓመት ከዓመት እያየ አመሉን ቢማር አያስደንቅም። የሚያስደንቀው አቅጣጫው ነው። በዚህ ጥናት ከተመለከቱት አጥሮች አንዱም ወደ ባለቤቱ ጓሮ ሲራመድ አልታየም፤ ሁሉም የሚራመዱት ወደ ጀፎረው ነው። የሚራመዱትም ባለቤቱ በማያይበት ሰዓት እንደሆነ ባለቤቶቹ በሙሉ አረጋግጠዋል።

የሽማግሌን ፍርድ እምቢ ያለ ይገለላል። አቴናውያንም ለዚህ ሥርዓት ነበራቸው፤ እንዲባረር የሚፈልጉትን ሰው ስም በገል ላይ ጽፈው ይጥላሉ፣ 6,000 ገል ከተሰበሰበ ሰውየው ለ10 ዓመት አገር ይለቃል። በሥራው ብዛት ከአጎራውና ከአካባቢው ከ10,000 በላይ ገል ተለቅሟል። የጉራጌው አሠራር ሸክላ አያባክንም፤ ሰውየው ደጁ ላይ ቆሞ ሰላምታ የሚሰጠው ካጣ በቂ ነው። አገር መልቀቅ እንኳ አያስፈልገውም፤ የለቀቀ ያህል ነው።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱ አደባባዮች ወንድማማች ነበሩ፤ ሴት ድምፅ አልነበራትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ወርድወት ሴቶችን አስከትላ የጆካ ሽማግሌዎች ፊት ቀርባ የጋብቻውን ሕግ ሞግታለች። አቴና በዘመኗ ሁሉ እንዲህ ያለ ሙግት ሴቶች ለሸንጎ ሲያቀርቡ አየች ቢባል በተውኔት ጸሐፊው በአሪስቶፋነስ ቀልድ ውስጥ ብቻ ነው። ይህ ጸሐፊ ስለ ጀፎረ ካነበበው ሁሉ ሳይቀልድ የሚያወራው ይህን ነው።

ጀፎረ ግን ሥራ ላይ የመሆን ጉድለቱን እያስተካከለ ይገኛል። ባህር ዛፍ ከጓሮ ወጥቶ ፊት ለፊት መታየት ጀምሯል። ቆርቆሮ አጥር መጥቷል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ከእንሰት ይልቅ ይፈጥናል። ሱቅ የሚያህል ነገር አጥር ተደግፎ ይቆማል፣ ለጊዜው ነው ይባላል፣ መብራት ይገባለታል። በዚህ አካሄድ ሣሩ ሲያልቅ የሚቆፍሩት ይመጣሉ፤ ቤታችሁንም እንደ አቴናዎቹ ካሳ ከፍለው ያነሱላችኋል፤ የልጅ ልጆቻችሁም በአያቶቻቸው ደጃፍ ለመቆም ትኬት ይቆርጣሉ።

ለዚህ ክብር የማትቸኩሉ ካላችሁ፣ በመጪው መስቀል አገር ቤት ስትገቡ መኪናችሁን ሣሩ ላይ አታቁሙ። ክትፎው ሳይቀርብ በፊት ወጣ በሉና የአባታችሁን አጥር ከዝግባዋ ጋር አስተያዩት። አልፏት ከተገኘ መልሱት፤ ሽማግሌ እስኪጠራችሁ አትጠብቁ።