ቤት ጠቅልሎ ነፋስ መቀበል

የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ «አሳቲግ ደሴት ሄደን ነፋስ እንቀበል» ሲል ገና ጎህ ሳይቀድ የመኪናውን ዕቃ መጫኛ እዩለት። ጀበና፣ ረከቦት፣ ከሰል፣ ምንጣፍ፣ ሁለት ድስት ወጥ፣ ለሠርግ የሚበቃ እንጀራ። ሦስት ሰዓት በሚፈጀው መንገድ መኪናው ውስጥ ቦታ ያጣው ነፋሱ ብቻ ነው።

አሳቲግ ከ1965 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት የሚጠበቅ የአትላንቲክ ዳርቻ ነው፤ የታወቀው በዱር ፈረሶቹ ነው። ደንቡ ከፈረስ 40 ጫማ ራቁ ይላል፤ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት መሆኑ ነው። «እሱ ለፈረንጅ ነው፤ ፈረስ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?» ይላል ጎረቤታችን ስልኩን ደግኖ እየተጠጋ። ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ በቅርብ የሚያውቀው ፈረስ አፄ ምኒልክ ፒያሳ ላይ የተቀመጡበት ሐውልት ነው። ያ ፈረስ ደግሞ ነክሶ አያውቅም።

ፈረሶቹ ሆዳቸው ንፍት ያለ ነው። የሚግጡት የረግረግ ሣር ጨዋማ ስለሆነ ውሃ ያለ ልክ ይጠጣሉ። አብረውን ለመጡት እትዬ ግን ይህን ማን ይነግራቸዋል? አንዱን አይተው «ወይኔ፣ ይቺስ ደርሳለች! ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለው መረቁ። እርጉዟ ዞር ስትል ወንድ ሆና ተገኘች። እትዬ ምርቃታቸውን አላነሱም።

ትልቁ ፈተና ማዕዱ ሲቀርብ ነው። ፈረስ ማብላት ክልክል ነው፤ ምግቡም መኪና ውስጥ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። እኛ ደግሞ ቆሞ የሚያይ እያለ ምግብ አይወርድልንም። «አንድ ጉርሻ ምን ይላታል፤ በሞቴ!» እያልን እንዘረጋለን። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ፈረስ ግን መንገድ ዳር ወጥቶ መኪና ይለምናል፣ አንድ ቀንም ይገጫል። ስለዚህ የምናጎርሰው በሞታችን ሳይሆን በሞቱ ነው።

ባሕሩስ? ለባሕሩ ሁላችንም ጀርባችንን ሰጥተን ስለ ቤት ዋጋና ስለ ባንክ ወለድ እናወራለን። ቀድሜ ጀርባዬን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ነፋሱ የከሰሉን አመድ ሲኒዬ ውስጥ ይበትንብኛላ! ተፈጥሮን ከልቡ የተዋወቃት ቢንቢ የፈጀው ብቻ ነው።

ማታ አዲስ አበባ ተደውሎ «ባሕር ዳር ዋልን፤ እንዴት መንፈስ ያድሳል መሰላችሁ!» ይባላል። ማስረጃውም ይላካል፦ አሥራ ምናምን ሰው፣ አንድ ትሪ፣ ከትሪው ኋላ ደግሞ ሰማያዊ ነገር።