የቡፌው ዘበኞች

«በዚህ አገር በወጉ የሚጠበቅ ነገር የለም» እያልን ዘወትር እናማርራለን። ቅርሱ ተዘረፈ፣ ደኑ ተመነጠረ፣ የመብራት ገመዱ ሳይቀር ተሰረቀ እንላለን። ግፍ ነው የምንናገረው። በየሳሎናችን ሃያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው፣ አንድም ሳይጎድልበት የኖረ ሀብት አለ፤ ቡፌ ውስጥ የተደረደረው የሻይ ሰርቪስ። ታማኝ ዘበኛ መቅጠር የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ካለ ብዙ አይድከም፤ የኛን እናቶች ያነጋግር።

የቡፌው ሥርዓት የታወቀ ነው። መስታወቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለወላል። ከመስታወቱ ኋላ ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ ስድስት ስኒዎች ከነማስቀመጫቸው፣ ወይን በማይቀመስበት ቤት እግረ ረጃጅም የወይን ብርጭቆዎች፣ ክዳኑ ተነሥቶ የማያውቅ የሾርባ ጎድጓዳ ሳህን፣ መሀል ላይ ደግሞ የልጅ የምረቃ ፎቶ። ቁልፉ እናት ዘንድ ነው፤ መቀነቷ ውስጥ፣ ወይም ቤተሰቡ ሁሉ በሚያውቀው «ምስጢር» ቦታ። ታዲያ የቤቱ ሰው በምን ይጠጣል? አባት ጆሮው በወለቀ ኩባያ፣ ልጆች በማርማላታ ጠርሙስና በፕላስቲክ ጣሳ፣ እናት ደግሞ ከሁሉ በኋላ፣ መጀመሪያ ጠጥቶ በጨረሰው ሰው ዕቃ። ስኒዎቹስ? ምን ነካችሁ፣ የእንግዳ ናቸው እንጂ!

ከቡፌው ፊት ለፊት ሶፋው አለ። ሶፋው በጥሩ ጨርቅ ተለብጧል። ጨርቁ እንዳይቆሽሽ የሶፋ ልብስ ይለብሳል። የሶፋው ልብስ እንዳይቆሽሽ ታላቅ እህት በኪሮሽ የሠራችው ዳንቴል ይነጠፍበታል። ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ልጆች ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ። በክረምት ብርድ ከቤቱ ልጆች ይልቅ ደራርቦ የሚሞቀው ሶፋው ነው። ይህ ወግ የትናንት አይደለም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ ቀስ በቀስ በየሰፈሩ ሲገባ፣ የጎረቤት ልጅ ሁሉ የልጆቹን ተረት ነጋሪ አባባ ተስፋዬን ሊያይ ባለ ቴሌቪዥኑ ቤት ይሰበሰብ ነበር። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለው ያያሉ፤ ሶፋው ባዶውን ከኋላ ሆኖ ይከታተላል።

የብርድ ልብሱ ጉዳይ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ልጅ ቤሩት ወይ ጅዳ ሄዳ፣ የሰው ቤት ስትወለውል ከርማ፣ «እማዬን ብርድ እንዳይነካት» ብላ አበባ የተሣለበት ወፍራም ብርድ ልብስ ትልካለች። ብርድ ልብሱ ባለ ዚፕ ከሆነው የላስቲክ ቦርሳው ሳይወጣ ቁም ሣጥን አናት ላይ ይሰቀላል። እናት ሐምሌንና ነሐሴን በሳሳች ጋቢዋ ተጠቅልላ፣ ቀና እያለች ብርድ ልብሱን በማየት ትሞቃለች። ልጅቷ ደውላ «እየለበስሽው ነው አይደል?» ስትል «አዎን የኔ እናት፣ ተባረኪልኝ» ትባላለች። ውሸት አይደለም፤ ዐይኗ ለብሶታል።

እንግዳውስ መቼ ነው የሚመጣው? ጥበቡ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ብቅ ስትል «እሷ እኮ የቤት ሰው ናት» ተብሎ በዘወትሩ ስኒ ይቀዳላታል። ለክርስትና ሠላሳ ሰው ሲጠራ ደግሞ ስድስት ስኒ ከምን ሊደርስ! ከእድር ዕቃ ቤት ብርጭቆና ሳህን ተቆጥሮ ይመጣል። ለቅሶ ሲሆንማ ሶፋው ተገፍቶ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ በእድሩ አግዳሚ ይቀመጣል፣ ንፍሮውም በእድሩ ዕቃ ይዞራል። ሠርጉ ወደ አዳራሽ ሄዷል፤ የወዳጅ ጨዋታው ወደ ካፌ ወጥቷል። እንግዲህ ቡፌው የሚከፈተው መስፈርቱን ላሟላ እንግዳ ብቻ ነው፦ ቁጥሩ ከስድስት ያልበለጠ፣ ከቤቱ ጋር ብዙም ያልተቀራረበ፣ ሐዘን ይዞት ያልመጣ፣ አስቀድሞ ያስነገረ። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚገኘው ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ነው። እሱም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል፤ «ቤተ ዘመድ እንማከርበት» ተብሎ ሌላ ቀን ይቀጠርለታል፤ ሻይ ሳይጠጣ ይሄዳል። ስኒዎቹም በሰላም ወደ መደርደሪያቸው ይመለሳሉ።

እንደ ዕድል ሆኖ እንግዳው ተቀምጦ የጠጣ ለት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይገኛል። እጁ ተንሸራትቶ ስኒው ሲሚንቶው ላይ ሲከሰከስ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ምንም አይደል! ጥጋብ ነው! ክፉውን ይዞ ይሂድ!» ይላል። እናት ፈገግ እንዳለች ስብርባሪውን ትለቅማለች፤ ፈገግታዋም እንግዳው ከአጥሩ እስኪወጣ ይቆያል። ወዲያው የቀሩትን አምስቱን ላጥብ ብሎ የተነሣ የሰባት ዓመት ልጅ የአንዱን ስኒ ጆሮ ቢያወልቅ ግን ጥጋብ የሚል አይገኝም። «እጅህ ይሰበር! ስንት ዓመት ያኖርኩትን!» ነው መልሱ። አባትም ጆሮ የሌለው ኩባያውን እንደያዘ «ማን ነው ዕቃ ንካ ያለህ?» ብሎ ከመኝታ ቤት ይጮኻል። ክፉውን ይዞ የሚሄደው እንግዳ የሰበረው ብቻ ነው።

ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ይህ ሥርዓት ይላላል ብለን ሰግተን ነበር። ተመስገን፣ አልላላም። ጀሞ ይሁን የካ አባዶ፣ ስቱዲዮ ዕጣ የወጣለት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስገባው ቡፌውንና ኤል ቅርጽ ሶፋውን ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ በሰው ትከሻ፣ ደረጃው ሲጠብም በገመድ ተጎትቶ በበረንዳ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በተረፈው ቦታ ይገባል። አልጋው ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ ልጆች የቤት ሥራቸውን ጉልበታቸው ላይ ይሠራሉ፤ ጠረጴዛውን የፕላስቲክ አበባ ይዞታላ!

«ይህ እኮ ከአባቶቻችን የወረስነው እንግዳ አክባሪነት ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ አባቶችን እንጠይቅ። ደጃፍ ላይ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለ መንገደኛ «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ ይገባል፤ እግሩ ይታጠባል፣ ባለቤቶቹ ከሚበሉበት መሶብ ይበላል፣ እነሱ በሚተኙበት መደብ ይተኛል። ስሙን ለምርቃት የምንጠራው አብርሃም እንኳ ሦስቱን እንግዶች ዛፍ ሥር አስቀምጦ ነው በጥጃና በእርጎ ያስተናገደው። ሣራ የቡፌ ቁልፍ ስትፈልግ ዘፍጥረት ላይ አልተጻፈም።

ትዝታውም ያስቃል። አልበሙ ሲገለጥ ቤተሰቡ ቡፌው ፊት ተሰልፎ፣ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ይታያል፤ ከሁሉም የደላው የሚመስለው ቡፌው ነው። ያደጉትን ልጆች ግን «ከዚያ ቤት ምን ትዝ ይላችኋል?» በሏቸው። አንዳቸውም ስኒውን አያነሡም። የሚያነሡት በሊጡ ማለቂያ ለእነሱ የምትጋገረውን፣ በትኩሱ በርበሬና ቅቤ ተቀብታ የሚሻሟትን እንጎቻ ነው። የበዓሉን የዶሮ ወጥ ድስት በእንጀራ መጥረግ ነው። መብራት በጠፋ ማታ ከከሰሉ ዙሪያ ቆሎ እየቆረጠሙ የሰሙት ተረት ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ጭስ በሞላው ማድ ቤት፣ በርጩማ ላይ ነው። ሳሎኑ በዚያ ሰዓት ተወልውሎ እንግዳ ይጠብቅ ነበር።

መጨረሻውንም እናውቀዋለን። ባለ ቁልፏ ያረፈች ጊዜ ልጆቿ ተሰብስበው ቡፌውን ይከፍታሉ። ስኒዎቹን «አንተ ውሰድ»፣ «አንቺ ውሰጂ» ይባባላሉ። ማንም አይወስድም፤ ሁሉም እቤታቸው የማይነኩት የራሳቸው ስድስት ስኒ አላቸው።

እንግዳ ማክበር ደግ ነው፤ ማንም አይከራከርም። የገዛ ልጅን በማርማላታ ጠርሙስ እያጠጡ ለማይመጣ ሰው ወርቅማ ስኒ መጠበቅ ግን አክብሮት አይደለም፣ ንፍገት ነው። ቁልፉ የት እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ ማታ ሻይ ሲፈላ ስድስቱንም አውጧቸው፤ ልጁ ቢሰብር ደግሞ «ጥጋብ ነው» በሉት።