ከዝንጀሮ ቆንጆ፣ ከቱቦ ረጅም

ደባርቅ ላይ የምነዳት ዲኤክስ ኮሮላ በዕድሜ ትዳሬን ትበልጣለች። ሁለቱም ዳገት ላይ ያጉረመርማሉ፤ ሁለቱንም ግን አልቀይርም።

ጣጣው የመጣው ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ የደወለ ቀን ነው። የሚነዳው ስምንት ሲሊንደር ያለው ሙስታንግ ነው። ደኅንነቴን ሊጠይቅ የደወለ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ረጅም ቱቦ ሄደር ላስገጥም ነው!»

«እግዜር ይማርህ ልጄ» አልኩት፤ የሆስፒታል ነገር መስሎኝ።

ስቆ ስቆ ሲያበቃ አስረዳኝ። ሄደር ማለት ጭሱን ከሞተሩ ተቀብሎ ወደ ማርሚታው የሚያደርስ ቱቦ ነው። ፋብሪካው የገጠመውን አውልቆ ረጅሙን ከተካው መኪናው ጉልበት ይጨምራል። ከዚያ ቸርነቱ ተነሣበት። «ለእርስዎም መኪና ሄደር ልላክልዎ፤ ብቻ ይምረጡ» አለኝ።

ረጅም ወይስ አጭር? አራቱ ቱቦዎች ባንዴ ይገናኙ፣ ወይስ ሁለት ሁለት ሆነው ኋላ አንድ ይሁኑ? ስፋታቸው ስንት ይሁን? ተራ ብረት ወይስ የማይዝግ? ሴራሚክ የተቀባ ወይስ ያልተቀባ? ሚስቴን ሳጭ እንኳ የአማቴ ሽማግሌዎች ይህን ያህል አልጠየቁኝም።

ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል ይላል የአገሬ ሰው። እኛ ደግሞ ዝንጀሮ አናጣም፤ ከደባርቅ ወጥቶ ሳንቃ በር ለደረሰ ሰው ጭላዳው መንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ይታያል። እሱ ሲመራርጥ አይቼ አላውቅም፤ ፊቱ ያገኘውን ይነጫል። እኔ ግን ልመርጥ ብዬ ሰፈሩ ሁሉ «አለቃ» ከሚላቸው ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ።

የአለቃ ጋራዥ ሲገቡ አማርኛ በር ላይ ይቀራል። ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን የሊማሊሞን መንገድ ጠርቦ፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እዚሁ ደጃችን ወልቀፊት ላይ እጁን ሰጥቶ ወጥቷል። ጋራዥ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ እጅ አልሰጠም።

«አለቃ፣ ረጅም ቱቦ ምን ይሠራል?»

«የመኪናህ ሞተር አራት በር ያለው ቤት በለው» አሉኝ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «የፋብሪካው የጭስ መሰብሰቢያ አጭር ነው። ከአራቱም በር የሚወጣው ጭስ ደጃፍ ላይ ይጋፋል፣ የክብረ በዓል ቅዳሴ ያለቀ ይመስል። ረጅሙ ቱቦ ግን ለእያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ይሰጠዋል። ተራቸው አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ነው። ቀድሞ የወጣው እየሮጠ ሲያልፍ ከኋላው ክፍተት ይተዋል፤ ያ ክፍተት ቀጣዩን ይስበዋል።»

«እንግዲያ ረጅሙ ነዋ!»

«ረጅሙ ሞተሩ በዝግታና በመካከለኛ ዙር ሲሠራ ያግዛል፤ አጭሩ ሞተሩ ሲጮህ ነው የሚጠቅመው። ሁለት ሁለት ሆኖ የሚገናኘው ለመካከለኛው ዙር፣ ባንዴ የሚገናኘው ለላይኛው። ከልኩ በላይ የሰፋ ቱቦ ደግሞ ጭሱን ያሰንፈዋል፤ ሜዳ ላይ እንደተዘረጋ ወንዝ።»

«ለዳገት ሰውስ?»

«ረጅም፣ ጠበብ ያለ፣ ሁለት ሁለት የሚገናኝ» አሉኝ። ቀጥለው «ግን...» ሲሉ እኔ ወጥቻለሁ። ያቺን «ግን» ብሰማት ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር።

የአሜሪካውን ዕቃ የሚጠብቅ ትዕግሥት አልነበረኝም። አንድ ብየዳ የሚሠራ ጎረምሳ አገኘሁና በውሃ ቧንቧ እንዲሠራልኝ ተስማማን። በሦስተኛው ቀን ሳስነሣት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ተነሣ። ባጃጆቹ አይሱዙ የመጣ መስሏቸው ዳር ያዙ፤ ዞር ቢሉ እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት ፊት ለፊት ሳልፍ ለቀስተኛው ዝም አለ፤ በጩኸት በልጬው።

ወደ ዳባት ነዳኋት፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጆሮዬ «ፈጥነሃል» ይለኛል፤ ዓይኔ ግን ገብስ የጫነች በቅሎ አቋራጩን ይዛ ስትቀድመኝ ያያል። ዳባት ልገባ ስል አንዲት ድንጋይ ጠበቀችኝ። ረጅም ቱቦ ከወለሉ በታች ዝቅ ብሎ እንደሚንጠለጠል ጎረምሳውም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ቱቦዬ ከብየዳው ላይ ተገንጥሎ አስፋልት ላይ ተጋደመ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች አለ አሉ፤ የኔም ረጅም ቱቦ በራሱ አጠረ።

በቅሎዋን የሚነዱት አዛውንት ደርሰው ቆሙ። ቱቦውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ጩኸት ጉልበት ቢሆን ጅብ ይጠመድ ነበር።»

ቱቦውን እንደ ሬሳ ኋላ ወንበር ላይ አስተኝቼ፣ በባዶ ሞተር እያገሳሁ ተመለስኩ። አለቃ ከሩቅ ሰምተው በር ላይ ጠበቁኝ።

«ያቺን ‹ግን› አሁን ልጨርሳት?»

«ይጨርሷት፣ አለቃ።»

«ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ የባሕር ዳርቻውን ሰባ በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ቱርቦ የሌለውን ሞተር ፋብሪካው መቶ የፈረስ ጉልበት ብሎ ቢልከው እዚህ የሚደርሰው በሰባው ነው። ጥሩ ቱቦ በጥሩ እጅ ቢገጠም ጥቂት ፈረስ ይመልስ ይሆናል። የቀረውን ተራራው ነው የወሰደው፤ ሄደህ ከራስ ዳሸን ጋር ተካሰስ።»

ይህን ጊዜ የዓመታት እንቆቅልሽ ተፈታልኝ። ሊማሊሞን ወርጄ ዛሪማ ቆላ ስደርስ መኪናዬ ለምን እንደምትፈነጥዝ አይገባኝም ነበር። ለካ አየሩ ሲወፍር ፈረሶቼ አንድ በአንድ ይመለሳሉ! የሚመለሱት ግን ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን እንጂ ፈረስ በማልፈልግበት ሰዓት ነው። ፊቴን ወደ ዳገቱ ስመልስ ደግሞ አንድ በአንድ ይሰናበቱኛል። ጥቅም ሲያዩ የሚመጡ፣ ችግር ሲያዩ የሚሸሹ ወዳጆች በሰው ዘንድ ብቻ ያሉ ይመስለኝ ነበር።

አለቃ የድሮውን መሰብሰቢያ መለሱልኝ። ከዚያ ካርቡራተሩን ፈቱ። «አየሩ ሲሳሳ ይህ ቤንዚኑን በቆላ ልክ ይሰፍራል» አሉኝ፤ «መኪናህ ጥቁር ጭስ የምትተፋው ቱቦ አጥሯት አይደለም፣ ቤንዚን በዝቶባት ነው።» ስፍሩን ቀነሱ፤ የአየር ማጣሪያውን አራግፈው የአንድ ዓመት የደባርቅ አቧራ መሬት ላይ ከመሩ፤ የካንዴላውን ብልጭታ ትንሽ አስቀደሙ። በማግስቱ ወደ ሳንቃ በር የሚወስደውን ዳገት፣ ሁሌ በሁለተኛ ማርሽ የማለቅስበትን፣ በሦስተኛ ወጣሁት። የተገዛ ዕቃ የለም፤ የአለቃ የእጅ ዋጋ ብቻ።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። «አንተ አስገጥም» አልኩት፤ «ቨርጂኒያ ለባሕር ቅርብ ናት፣ ፈረሶችህ ሁሉ ከአንተ ጋር ናቸው። ብቻ የጭስ ማጣሪያውን እንዳታስወልቅ፤ እናንተ ዘንድ ጭስ የሚመረምር አለ።»

እኛ ዘንድ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ማርሚታ የለውም፣ አየር ቢሳሳም ፈረስ አያጣም። ስለዚህ ቱቦ መምረጥ ከእኔ ትውልድ ጋር ሳያልቅ አይቀርም።

እስከዚያው፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደውሎ «ምን ልላክ?» ቢላችሁ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የአየር ማጣሪያችሁን አራግፉ።