የታጠበ ነጠላ አይረዝምም

ላቫጆ ተቀምጠን ተራ እንጠብቃለን። አንድ አዟሪ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺን ታንኩ ውስጥ ጠብ ካደረጉ በሊትር 3 ኪሎ ሜትር ትጨምርልዎታለች!»

«የመኪና ፋብሪካዎች ለግማሽ ኪሎ ሜትር ዓመታት ሲለፉ፣ ይቺን ጠርሙስ ማን ደበቃቸው?»

«አሜሪካ የተፈተነች ናት!»

«መፈተንማ ሁሉም ይፈተናል፤ ወሬው ማለፉ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችና ፈሳሾች ፈትኗል። ያለፉት ጥቂት፣ ጥቅማቸውም ትንሽ ነው።»

«ኢንጀክተር ታጥባለች እኮ!»

«ማጠቢያ የገባበት ነዳጅ ቆሻሻ እንዳይጋገር ይከላከላል፤ የተዘጋ ኢንጀክተር ሲጸዳም የጠፋው ጉልበት ይመለሳል። ይህን አምናለሁ። ግን የታጠበ ነጠላ ይነጣል እንጂ አይረዝምም።»

ባለ ቪትሱ ጎረምሳ ጣልቃ ገባ። «እኔስ ኦክቴን ማሳደጊያ ነው የምጨምረው። ኦክቴን ጉልበት ነው!»

«ኦክቴን ትዕግሥት ነው፣ ወንድሜ። ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ ካንዴላው ሳይተኩስ በራሱ እንዳይፈነዳ ምን ያህል ይታገሣል? የሚለካው ይህ ነው። ሞተርህ የሚጠይቀውን ካገኘ ትርፉ ለምኑም አይሆነውም። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች፤ አየሯ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ቆላ ካለው ያነሰ ኦክቴን ይበቃዋል። ተራራው በነጻ የሰጠህን በጠርሙስ አትግዛ።»

«ላምባ ቢጨመርበትስ? ይረክሳል ይላሉ።»

«የላምባ ኦክቴን ዝቅተኛ ነው፤ ሞተሩ እንዲያንኳኳ ያደርጋል። በማደያ ያተረፍካትን ጋራዥ ትቀበልሃለች።»

በዕድሜ የገፉት የታክሲ ሾፌር አንገታቸውን ነቀነቁ። «ድሮ ቤንዚኑ እርሳስ ነበረበት። ሞተርም አያንኳኳም ነበር።»

«እውነትዎን ነው፣ አባባ። እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካዊው ቶማስ ሚድግሊ ያመጣው እርሳስ ሞተሩን ዝም አሰኝቶታል። ጭሱ ግን የሕፃናትን አእምሮ ጎዳ። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ከማደያዎቿ ያስወጣችው በ2021 ነው፤ ድፍን 100 ዓመት! ለሞተር መድኃኒት፣ ለልጅ መርዝ ከሆነ፣ እኔ መርዝ ነው የምለው።»

«ኢታኖል የቀላቀሉ ጊዜስ? ቤንዚኑ ቶሎ አለቀብኝ ስል ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።»

«የሳቁት ይፈሩ እንጂ እርስዎ አልተሳሳቱም። በ2001 ዓ.ም. የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል አዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ገባ፤ በ2003 ወደ 10 በመቶ አደገ። ከኢታኖል ክብደት ሲሶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ደግሞ እሳት ያናፍ እንደሆነ እንጂ ራሱ አይነድም። ከሸክሙ ሲሶው ወናፍ ከሆነ፣ ማገዶው በዚያው ልክ ጎደለ። ስለዚህ 10 በመቶ ሲቀላቀል ጉዞው 3 በመቶ ያህል ያጥራል፤ 500 ኪሎ ሜትር ከሚያስኬድ ታንክ 15 ያህሉ ይቀራል።»

«ታዲያ ሌብነት ነዋ!» አለ ጎረምሳው።

«አይደለም። ከስኳር ተረፈ ምርት የሚወጣ ነዳጅ የውጭ ምንዛሪ ያድናል፤ ኦክቴኑንም ከፍ ያደርጋል። እኔ ድብልቁን አልጠላም። ሌብነት የሚሆነው ሳይነግሩህ ሲቀዱልህ ነው። ማደያው የሊትሩን ዋጋ በትልቁ እንደሚጽፍ፣ ሊትሩ ውስጥ ያለውንም በዚያው መጠን ይጻፍልን። ያወቀ ሾፌር ሒሳቡን ያስተካክላል፤ ያላወቀ መካኒኩን ይረግማል።»

አዟሪው ጠርሙሱን ወደ ኪሱ መለሰ። «ታዲያ ጋሼ፣ እኔ ምን ልሽጥ? ልጆች አሉኝ።»

«የጎማ ንፋስ መለኪያ ሽጣ! ንፋሱ የጎደለ ጎማ በየኪሎ ሜትሩ ቤንዚን ይበላል። ጎማ በልክ የነፋ፣ ትርፍ ጭነት ያወረደ፣ እንደ እኛ ቆሞ ሲያወራ ሞተሩን ያጠፋ ሰው ይቆጥባል፤ ቆሞ የሚያጓራ ሞተር እንደ መጠኑ በሰዓት ከግማሽ እስከ 2 ሊትር ያቃጥላልና።»

ጎረምሳው ብድግ ብሎ ወደ ቪትሱ ሄደና ሞተሩን አጠፋ።

«አየህ?» አልኩት አዟሪውን። «ያለ ጠርሙስም ቆጠበ። መለኪያውን ይዘህ ና፤ የመጀመሪያው ደንበኛህ እኔ ነኝ።»