ዶነሩን በዕድራችን ደንብ ብንቀጣውስ?

በዕድራችን ደንብ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ሲተከል ያረፈደ ይቀጣል። በስብሰባ መሐል ስልክ የሚያነሳ ሰው ቅጣቱ እጥፍ ነው፤ ይቺን አንቀጽ ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ አልጸጸትም። ዳኛውም ጸሐፊውም አይማሩም። በዚህ ሁሉ መሐል ሲያሻው መጥቶ ሲያሻው ቀርቶ፣ አንዲት ሳንቲም ያልተቀጣ ፍጡር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዶነር ይባላል።

የምንኖረው በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ አቅጣጫ ነው። ፓርኩ በ2013 ተመረቀ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚያው ተከፈተ ተባለ። ተባለ የምለው እኛ የምናውቀው አጥሩን ስለሆነ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ያለውን ግን ጠይቁኝ። ከሐረርጌ ገጠር ለሥራ የመጡ ልጆች ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ሲታመሙ የምታስታምማቸው አከራያቸው ናት፤ ሲብስ ዕድሩ ይጠራል። የዕድሩ አባል ግን አይደሉም። ሃያ ዓመት ያልሞላው ሰው ለቀብሩ በየወሩ አያዋጣም፤ እኔም በዚያ ዕድሜዬ የማዋጣው ለሲኒማ ነበር።

ይሄን የሰማ አንድ ገንዘብ ሰጪ፣ ስሙን አልጠራም፣ እንጀራ የሚበሉበት ልጆች አሉ፣ ከእናንተ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ ብሎ መጣ። ምን ይጎድላችኋል አለን። መንገዱ ጨለማ ነው፣ ሴቶቹ ልጆች ከማታ ፈረቃ ሲወጡ ይፈራሉ፣ መብራት ትከሉልን አልን። ጻፉ። ሁሉንም ጻፉ፤ በመጻፍ ማን ይችላቸዋል! ስንት ወር ቆይቶ ፕሮጀክቱ ጸድቆ ሲመጣ መብራት የለበትም፤ ሥልጠና ነው። የሕይወት ክህሎት ሥልጠና። በጨለማ ውስጥ በራስ መተማመን እንዴት እንደሚኬድ ሊያስተምሩ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ሥልጠናው የተጠራው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። በድሬዳዋ! በግንቦት! አቦ፣ በዚያ ሰዓት በድሬ ውሻም ከጥላ አይወጣም፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰውም ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ነው። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ ኮት ለብሶ መጣ። ያረፈደውም እሱ ነው። የቅጣት መዝገቡን ላወጣ ስል ጸሐፊያችን እጄን ያዘኝ።

ቀጥሎ ሳጥን መጣ። ሦስት ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን፣ ቁጠባ የሚማሩበት። ሳጥኑ የዘር ሐረግ አለው፤ ኬር የሚባለው ድርጅት በ1991 እንደ ፈረንጆቹ ኒጀር ውስጥ፣ ማራዲ ላይ፣ ከሴቶች ጋር የጀመረው አሠራር ነው፤ ከዚያ ወዲህ አፍሪካን አዳርሷል። ለኒጀር እናቶች ክብር ይግባቸውና ነገሩ ጥሩ ነው። ግን ዕቁብ ስትጥል ላረጀች ሴት ቁጠባ ማስተማር ግመልን ጥማት መቻል እንደማሠልጠን ነው። የሰፈራችን የዕቁብ ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚይዙት በመቀነታቸው ነው። ቁልፍ የለውም፤ እስካሁን የደፈረውም የለም። ሳጥኑን ለዕድሩ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረግነው። አሁን ለቅሶ ሲመጣ ብርጭቆ ለማውጣት ቁልፍ የያዙ ሦስት ሰዎች ፍለጋ ከተማውን እናስሳለን፤ አንደኛው ጅቡቲ ነው የሚውለው።

ገንዘቡስ አትሉም? ገንዘቡ በቀጥታ እኛ ጋ አይመጣም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን አይመለከትም፤ ነፃ ትቶናል፣ እግዜር ይስጠው። ለዶነር ግን የምዝገባ ወረቀት የሌለው ሰው እንዳልተወለደ ይቆጠራል። ስለዚህ ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ይነሳና አዲስ አበባ ያርፋል፤ ከዚያ አጋር ድርጅት ቤት ያድራል፤ ከዚያ ሌላ አጋር ቤት ይሰነብታል። በየማደሪያው ይበላል፣ ይጠጣል። አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ አይለፍ ይላል፤ የቀድሞው 621/2001 በነበረበት ጊዜ 30 በመቶ ነበር። እሱ ግን የአንዱ ቤት ነው። በሦስት ቤት ያደረ ገንዘብ እኛ ጋ ሲደርስ የባጃጅ ሒሳብ ሆኖ ነው።

ይሄን ራሳቸውም ያውቁታል። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ታላላቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው፣ ከሰብዓዊ ርዳታ ገንዘብ 25 በመቶውን እስከ 2020 ድረስ በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር ውስጥ ድርጅቶች እንሰጣለን ብለው ቃል ገቡ። 2020 መጣ፣ ሄደ። በቀጥታ የደረሰው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። በኛ ቤት ቃል ገብቶ መቅረት ከቀብር ከመቅረት ይብሳል፤ ቅጣቱን ግን ኢስታንቡል ድረስ ሄዶ የሚሰበስብ ሰው አጣን።

ደሞ መዋጮ ይሉናል፤ የማኅበረሰቡ ድርሻ ይታይ ይሉናል። ድንኳናችንን ሰጠን፣ ወንበራችንን ሰጠን፣ አዳራሹን በነፃ ለቀቅን፣ ስናዳምጥ የዋልነውን ሰዓት ማንም አልቆጠረውም። ሪፖርቱ ሲወጣ በፕሮጀክቱ የተጠናከረ ዕድር ተብለናል። ፎቶዬም አለ፣ ስስቅ። አባባ ይሳቁ ብላ ለምናኝ ነው፤ ፕሮጀክቱን የያዘችው ልጅ ናት። ልጄ፣ ምን የሚያስቅ ነገር አለ? አልኳት። ይኼ ካልተሞላ አለቆቼ ይቆጡኛል አለች። ሳቅሁላት። እሷ ጥፋት የለባትም፤ እሷም የምትቀጣበት ደንብ አላት።

በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ዕድሩም አቻው አፎሻውም ከፈን የገዛው ባለው ገንዘብ ነው፤ የማን ድርሻ ስንት በመቶ ነው ብሎ ወረቀት የዘረጋ ሰው አላየሁም። ኋላ ርዳታው ከየአቅጣጫው መጣ፣ ለተፈናቀሉትም ቤት ተሠራ፣ አልክድም። እኔ ገንዘብ አልጠላም። የምለው በቀብር ያልነበረ ሰው ለምን የዕድሩን ደንብ ያወጣል ነው።

መምጣቱን ተውትና መሄዱን ተመልከቱ። በጥር 2017 ዋሽንግተን ላይ አዲስ የገባው ፕሬዚዳንት የውጭ ርዳታው ለ90 ቀን ይቁም አለ። ዘጠናው ቀን ሳይሞላ አብዛኛው ፕሮግራም ተሰረዘ፤ ከ1961 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ የነበረው የአሜሪካ የርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲም በሰኔ ሥራውን አቆመ። የኛው ሰውዬ ከእነሱ ወገን አይደለም፤ ድንጋጤው ግን ተጋባበት መሰል ጠፋ። ስልክ አይነሳም። በደንባችን ከሰፈር የሚለቅ አባል ሒሳቡን ዘግቶ፣ ተመርቆ ይሄዳል። ሦስት ወር ካላዋጣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍለታል፤ ከዚያ ይሰረዛል። ስለዚህ ጻፍኩለት። ማኅተም መታሁበት፣ ጸሐፊው እየለመነኝ።

መልስ መጣ! ክቡር አጋራችን ይላል። ስለ ማስጠንቀቂያው ምንም አይልም፤ የመዝጊያ ሪፖርት ይፈለጋል፣ የሥልጠናው የሻይ ወጪም የቲን ቁጥር ካለው ደረሰኝ ጋር ይቅረብ፣ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይለቀቃል ይላል። ሻዩን ያፈላችው እዚያው መታጠፊያው ላይ በከሰል የምትሠራው ልጅ ናት። ደረሰኝ ስጪኝ አልኳት። ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁን ትታ፣ አባባ፣ መጀመሪያ ዱቤውን ይክፈሉ አለችኝ። እሱ ደረሰኝ ካላየሁ ገንዘብ የለም ይላል፤ እሷ ገንዘብ ካላየሁ ስለ ደረሰኝ አትንገሩኝ ትላለች። ዳኛ ነኝና ልፍረድ ብል ለሷ ነው የምፈርደው። እስከዚያው ግን ማታ ማታ ቤቴ የምገባው በፋብሪካው መንገድ ዞሬ ነው፤ በዚያ በኩል መብራት ስለሌለ አታየኝም።