ከውዝፍ ቀዳማዊ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ሰምተህ ላልሰማ አሰማ!

ሞዓ ፍየል ዘእምነገደ ነገ-ተመለሱ፣ ውዝፍ ቀዳማዊ፣ ሥዩመ ፔይሮል። ይድረስ ከኒሯቅ እስከ ተከዜ ዳር ላላችሁ የአበርገሌ ሰዎች። እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ ከነቢሯችን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ቀድሞ የአገራችሁ የዋግ ገዥ ዋግሹም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር ይቀመጥ ነበር ይባላል። እኛ በመሶባችሁ ክዳን ላይ ተቀምጠናል፤ ማን ያስነሣን!

ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው ድሃው ቀኑን የሚያውቀው ክፍያ እንዲኖረውና በክፉ ቀን ጥሪቱን እንዳይሸጥ ነበር። ይህን አሻሽለነዋል።

አንቀጽ 1። ለሴፍቲኔት የእርከንና የክትር ሥራ ማርፈድ ክልክል ነው፤ ያረፈደ ቀኑ አይያዝለትም። ክፍያ ማርፈድ የዘውዱ መብት ነው።

አንቀጽ 2። አንድ ሰው በወር 5 ቀን፣ ለቀኑ 3 ኪሎ እህል ወይም ግምቱን በብር፤ ወሩ 15 ኪሎ መሆኑ ነው። ስሌቱን አንነካም። የጥሩን ሥራ ግን በጥር ዋጋ ተምነን ሰኔ ላይ እንከፍላለን። ባለሱቁ በጥር ዋጋ አልሸጥም ካለ ጠባችሁ ከእሱ ጋር ነው።

አንቀጽ 3። እስከዚያው ዱቤ ይበላል። ዱቤው ሲከለከል ፍየል ይሸጣል። የአበርገሌ ፍየል በስሙ የታወቀ ዘር ስለሆነ ገዢ አያጣም፤ ሁላችሁም በአንድ የገበያ ቀን ይዛችሁ ስለምትወጡ ግን ዋጋ ያጣል። መጀመሪያ ወጠጤው ይውጣ፣ ቀጥሎ መሲናዋ፣ በመጨረሻ ለልጆቹ የምትታለበው። ፍየሎቹን ሳይሸጥ የከረመ ቢገኝ ጥሪት አፍርቷልና ተመርቆ ከመዝገብ ይሰረዛል።

አንቀጽ 4። የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች፣ አዛውንቱ፣ አካል ጉዳተኛውና ነፍሰ ጡሯ ከሥራ ነፃ ናቸው፤ ከመጠበቅ ግን ነፃ አይደሉም። እማማ ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጥተው «ልጄ፣ የመጋቢቱ ገባ ወይ?» ቢሉ፣ «ኔትወርክ የለም እማማ፣ ሰኞ ብቅ ይበሉ» ይባሉ። ሰኞ ስብሰባ ነው። (ስብሰባው ክፍያን በወቅቱ ስለመፈጸም ሲሆን፣ የተሰብሳቢዎች አበል በዕለቱ ይከፈላል።)

አንቀጽ 5። ቅጣትን በሚመለከት የሰኔ 2015 ዓ.ም. ልማድ ይጸናል። ያኔ እህል ተሰረቀ ተብሎ ለጋሾች በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ በዚያው ክረምት ዋግን ዝናብ ከዳው። የተቀጣው የሰረቀው ሳይሆን የራበው ነበር። ወደፊትም እንደዚሁ ይሁን።

አንቀጽ 6። ይህን አዋጅ ለመሻር የሚከጅል ባለሥልጣን ሌላ አዋጅ ማውጣት አያስፈልገውም። የጥሩን በጥር ይክፈል።